ባዶ መሬት የሚያሳክካት ጎረቤቴ

እናንተ ሰፈር ባዶ መሬት አለ? ካለ ደብቁት። ምክሬ ነው፤ በነፃ ነው። ድንጋይ ከምሩበት፣ የተበላሸ ባጃጅ አቁሙበት፣ ካልሆነም ወንበር አውጡና ራሳችሁ ተቀመጡበት። ብቻ ባዶነቱን ለሰው አታሳዩ። ለአዴ መይሙናማ በጭራሽ!

አዴ መይሙና ማን ናት ማለታችሁ አይቀርም። ጎረቤቴ ናት፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናትን ማክበሪያ ነው። እኔ ያለሁት ጭሮ ከተማ ዳር ነው። አስፋልቱን ትታችሁ ወደ ዳገቱ ስትታጠፉ፣ የባጃጅ ሾፌሮች «ከዚህ በላይ አልሄድም፣ ውረዱ» የሚሉበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። ወሬ ግን አላሳጥርም፤ እሱን ከአሁኑ እወቁት።

ከአጥሬ ወዲያ ያለው መሬት የኦቦ አህመዶ ነው። ጫትና ቡና ነው፣ ከታች እስከ ላይ በእርከን። አዴ መይሙና ሚስቱ ናት። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ምግቧ ጣት ያስቆረጥማል። አንድ ነገር ብቻ አለባት። ባዶ መሬት ስታይ እጇን ያሳክካታል። መዳፍ የምታህል አፈር ካየች አንድ ነገር ሳትሰካባት አታልፍም። የተሰነጠቀ መታጠቢያ ሳፋዋ ውስጥ ቡና አለ። ለአጥር ብላ የተከለችው እንጨት ቅጠል አውጥቷል። ባሏ አህመዶ «እኔ እሷ አጠገብ ብዙ አልቆምም አቦ፣ ሥር አወጣለሁ» ይላል።

አንድ ጊዜ ሶሉ የተገነጠለ ቦት ጫማዬን በአጥር ላይ ወደ እነሱ ግቢ ወረወርኩት። ነውር ነው፤ እሺ፣ ነውር ነው። ከጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት ቀና ብል ጫማዬ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፈር ጠግቦ፣ ቃሪያ አፍርቶ አገኘሁት። «ታዬ፣ ና ጫማህን ብላ!» አለችኝ ከወዲያ ማዶ። በላሁት። ያቃጥል ነበር።

እንግዲህ ይቺን ሴት ያዙልኝና ወደ ደንቡ ልውሰዳችሁ። የምን ደንብ? የመሬቱ ነዋ!

ዳገታችን ድሮ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ቆርቆሮ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንዱ ቤት ከገባ ጎረቤቱን አይምርም። ቡናው እየተነቀለ ቤት ሆነ፣ ጫቱ እየተነቀለ አጥር ሆነ። ሰው ነቃ ሲል ዳገቱ ግማሹ ያብለጨልጫል። ቆርቆሮ ደግሞ አይቃምም። ተቆልቶም አይጠጣም። ታዲያ በምን እንኑር? በሌላ በኩል ደግሞ ልጅ አድጎ ሲያገባ የት ይግባ? ቡና ቅርንጫፍ ላይ ይደር? ይሄም እውነት፣ ያም እውነት። ለሁለቱም የሚሆን ነገር ለማግኘት ብዙ ስብሰባ ተሰበሰብን፤ ብዙ ለስላሳም ጠጣን።

በመጨረሻ ደንቡ ወጣ። ከዳገቱ ግርጌ ጀምሮ አረንጓዴ መስመር ተሰመረ። ከመስመሩ በላይ ጫትና ቡና በቆመበት መሬት ላይ ቤት የለም። ገበሬው ለሚያገባ ልጁ አንድ ቤት ይፈቀድለታል፤ ግን ተክል በሌለበት ቦታ ብቻ፤ ግቢው ላይ ክፍል ለሚጨምርም እንዲሁ። ለቤት ብሎ ተክል የነቀለ ፈቃዱን ጨርሶ ያጣል። የሚወስነው ደግሞ ኮሚቴው ነው፤ መጥቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በመጣበት ቀን ያየውን። ያልነበረውን «ነበር» ማለት፣ የነበረውን «አልነበረም» ማለት አይሠራም።

እኔ ስብሰባው ላይ ተነስቼ ደገፍኩ። ረዘም አድርጌ ነው የደገፍኩት። «ይህ ትውልድ ለሚቀጥለው ትውልድ» ምናምን ብያለሁ። ባለቤቴ አሰለፈች ቤት ስንገባ «ለሚቀጥለው ትውልድ አንተ ምን አለህና ነው?» አለችኝ። ልብ ካላችሁ፣ አሰለፈች ስታሳጥር ከእኔ ትበልጣለች።

ሰው ደግሞ ሰው ነው፤ ደንብ ሲወጣ ቀዳዳውን ፍለጋ ይወጣል። መሰላ አካባቢ ያለ አንድ ሰውዬ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቡና አትንቀል ተባለ። እሱም አልነቀለም። ቡናውን መሃል ላይ ትቶ ዙሪያውን ቤት ሠራበት! ሳሎኑ መሃል ቡናው ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ ጃኬቱን ይሰቅልበታል፤ ሕፃናት ይወጡበታል። ኮሚቴው ሲመጣ «ይሄ ቤት ነው ወይስ ማሳ?» ቢለው፣ «ማሳ ነው፤ ብርድ እንዳይመታው ነው የሸፈንኩት» አለ አሉ። ያወራኝ ሰው ምሎልኛል። እኔ አልማልኩም።

እኛ ሰፈር ደግሞ ቤት የሚሠራው በበርጫ ነው። ከሰዓት በኋላ አህመዶ ቤት ወንዶቹ ይሰበሰባሉ፣ ጫቱ ይመጣል፣ ትራስ ይደገፋሉ። እኔ አልቅምም፤ ሻይ ይዤ ወሬውን እቅማለሁ። ምርቃናው ሲመጣ ያኔ ቤቱን እዩት! አንዱ ባለ አራት ፎቅ ያቆማል። ሌላው «ሊፍት ከሌለው ምን ያደርግልሃል?» ይለዋል። ሊፍቱ ይገባል። ሦስተኛው «ውሃው ፎቅ ላይ አይደርስም» ሲል ፓምፕ ይገዛለታል። ማታ ሁሉም የጫቱን ገራባ ከልብሱ አራግፎ ሲነሳ፣ ያ ሁሉ ፎቅ እዚያው ምንጣፉ ላይ ይቀራል። አንድም ሰው ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ ደንቡም እስካሁን እዚህ ቤት አልገባም።

አንድ ቀን ግን በርጫው ላይ እውነተኛ የቤት ወሬ መጣ። የአህመዶ ልጅ ኑረዲን ሊያገባ ነው። ኑረዲን ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር ማሳ ይውላል። ገለምሶ ሄዶ ሰሚራ የምትባል ልጅ አይቶ፣ ከዚያ ወዲህ ዝምታው ባሰበት። ስልኩን ብቻ እያየ ይስቃል። እኛም ሽማግሌ ሆነን ገለምሶ ወረድን። አህመዶ እኔንም ጨመረኝ። «አንተ አፍ አለህ» አለኝ። አፌን ይዤ ሄድኩ።

የሰሚራ አባት ኦቦ ዩሱፍ ቡና አምራች ናቸው። ቆፍጠን ያሉ ሰው ናቸው። ሲያዳምጡ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም፤ ሲናገሩም ብዙ አይንቀሳቀስም። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ «ልጁን ወድጃለሁ። ቤት አለው?» አሉ። ይሠራል አልናቸው። «ሲሠራ እሰጣለሁ። ልጄ ሰው ጓዳ ውስጥ ተጠግታ አትኖርም። ቤቱ ሲጀመር ባይኔ ልይ፣ ከዚያ ቀን እንቆርጣለን» አሉ። አለቀ። እንግዲህ የኑረዲን ነገር እዚች ላይ ተንጠለጠለች፤ ቤት ከሌለ ሰሚራ የለችም።

ዝም ማለት ማንን ገደለ? እኔ ግን «ኦቦ ዩሱፍ፣ እኔ ታዬ እያለሁ ያ ቤት ይቆማል፤ ካልቆመ እኔን ጠይቁኝ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። አህመዶ ዘወር ብሎ አየኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያን ቀን እንኳን በቅቤ፣ በዘይትም አይታሽም ነበር።

ያም ሆኖ ቦታው ነበር፤ ከመሬት ተነስቼ አልማልኩም። አህመዶ ማሳ ውስጥ፣ ከእኔ አጥር ጥግ፣ ድንጋያማ ቦታ አለች። አያቱ ድንጋይ ሲለቅሙ እዚያ ይከምሩ ስለነበር ማንም ምንም ተክሎባት አያውቅም። አዴ መይሙና እንኳን አልቻለቻትም። ጫልቱ የምትባል የመሬት ባለሙያ አለች፤ ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፣ ግን ከደንቡ ፍንክች አትልም። አይታው «ተክል የለበትም፤ ኮሚቴው ሲመጣ እንዲህ ሆኖ ካገኘው ይፈቀዳል» አለች።

በዚያው የእኔንም ግቢ አየች። አረንጓዴው መስመር በጓሮዬ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ግቢዬ ግማሹ ከመስመሩ በላይ ነው። እዚያ የስፌት ክፍል የመሥራት ሐሳብ አለኝ። በረንዳ ላይ አቧራውም ፀሐዩም ያንተው ነው፤ ዕድሜ ደግሞ ይሄዳል። «ጋሽ ታዬ፣ ባዶ ስለሆነ አሁን ቢያመለክቱ ይፈቀድልዎታል። ባይቆዩ ጥሩ ነው» አለችኝ። እኔም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኳት። አሰለፈች ከጓዳ ሆና «ያንተ እንቁላል ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ተበልቶ አልቋል!» አለች። ጫልቱ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ኑረዲን ሥራ ጀመረ። ድንጋዩን አንድ በአንድ እየፈነቀለ ጥግ ላይ ከመረው፤ ለቤቱ መሠረት ይሆናል። ማሳ ሥራው ሲያልቅ ይመጣል፣ ይፈነቅላል፣ ስልኩን ያያል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይፈነቅላል። እኔም በረንዳዬ ላይ ሆኜ «በርታ!» እላለሁ። ድንጋዩ ሲነሳ ከሥሩ ምን ወጣ? አፈር። ግን ምን ዓይነት አፈር! ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ተጭኖት ያረፈ አፈር። የአፈሩ ደግነት ለእኛ አልታየንም። አዴ መይሙና ግን ጠዋት ጠዋት ስታልፍ ቆም ትላለች። ታያለች። ትተነፍሳለች። ትሄዳለች።

ኮሚቴው ቆየ። መጀመሪያ ሥልጠና ሄዱ ተባለ። ከሥልጠናው ሲመለሱ ግምገማ ገቡ። ከግምገማው ሲወጡ ዝናብ መጣ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ማን መሬት ይለካል? ያ ጥቁር አፈር ዝናብ ጠጥቶ ባዶውን ተኛ። እናንተ ብትሆኑ ምንም አይመስላችሁም። ለአዴ መይሙና ግን ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ እንደማየት ነበር።

በመጀመሪያ ትንሽ ሽንኩርት ጣል አደረገች። «ለጊዜው ነው፤ ኮሚቴው እስኪመጣ ለወጥ ይሆናል» አለች። ሽንኩርት በደንቡ ውስጥ የለም። ማንም ምንም አላላትም። ከዚያ መሰላ ያለች እህቷ የጫት ችግኝ ላኪልኝ አለቻት። አዴ መይሙና ከአሮጌው ጫት ሥር የወጣውን እየለየች አንድ እቅፍ አዘጋጀች። እህቷ ነገ እመጣለሁ አለች፣ ዝናብ ያዛት። ከነገ ወዲያ አለች፣ መኪና ጠፋ። ችግኙ ሊደርቅ ነው። አሁን ምን ታድርግ? ጣቷን አፈሩ ውስጥ እየከተተች፣ «እንዳይደርቅ ብቻ» እያለች፣ አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ለነገሩ ሰው ዕቃ ሲያስቀምጥ መስመር አይጠብቅም፤ እሷ ግን አልቻለችም። በመስመር አስቀመጠችው።

እህቷም በዚያው ቀረች። ችግኙ ያዘ። ቅጠል አወጣ። ቀላ ያለ፣ ለጋ፣ የሚያምር!

እሺ፣ ማንም አላየም? ይሄን ነው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ። ኑረዲን በየቀኑ በዚያ ያልፋል። አህመዶ በየቀኑ ያልፋል። እኔ እንኳን በረንዳዬ ላይ ሆኜ በቀጥታ ነው የማየው። ግን እኮ ጫት ነው! እዚህ አገር ሰው ጫት ሲያይ «ጫት በቀለ!» ብሎ አይጮኽም። ባዶ ቦታ ቢያይ ነው የሚጮኸው። ዓይናችን የጎደለ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው፤ የሞላውን ያልፈዋል። አህመዶማ አንድ ጠዋት ቆሞ አረሙን ሁሉ ነቅሎለት ሄዷል። እጁ ነቀለ እንጂ ልቡ አላወቀም።

ዝናቡ ሲያባራ ጫልቱ ደወለች፤ ኮሚቴው ነገ ይመጣል አለች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ስልኬን አነሳሁና ገለምሶ ደወልኩ። «ኦቦ ዩሱፍ፣ ነገ ቤቱ ይጸድቃል። ይምጡ፣ ባይንዎ ይዩ፣ እዚያው ቀን እንቆርጣለን» አልኳቸው። «እሺ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው መጣ። ጫልቱ ከፊት፣ የኮሚቴው ሽማግሌዎች ከኋላ። እኔ ንጹሕ ኮት ለብሼ መሪ ሆንኩ። «ይኸውላችሁ የተባለው ባዶ ቦታ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጫልቱ ሜትሯን ዘረጋች። ከዚያ ቆመች። ከዚያ ሜትሯን መልሳ ጠቀለለች።

«ጋሽ ታዬ፣ የቱ ነው ባዶው?» አለች።

እጄ የተዘረጋበትን አየሁ። ጫት! በመስመር የተሰለፈ ጫት፣ ነፋሱ እያወዛወዘው። አህመዶ «ያ ራቢ!» ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ አጥሩን ተደገፍኩ። ኑረዲን ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ሁሉ ድንጋይ ብቻውን የፈነቀለ ልጅ፣ የከመረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አንጀቴን በላው። እውነቴን ነው፣ ያኔ መሳቅ የሚባል ነገር አልመጣብኝም።

ሁላችንም ወደ አዴ መይሙና ዞርን። እሷም ሻሿን አስተካከለች። «ምን ታዩኛላችሁ? አልተከልኩትም! አስቀመጥኩት እንጂ አልተከልኩትም። የእህቴ ዕቃ ነው፤ ነገ ትወስደዋለች» አለች። ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱ ጎንበስ ብለው አንዱን ችግኝ በቀስታ ሳብ አደረጉት። አልመጣም። ጠንከር አድርገው ሳቡት። ወይ ፍንክች! «ይሄ ዕቃ በደንብ ነው የተቀመጠው» አሉ።

አህመዶ ጫልቱን ለመናት። በእሱ አማርኛ ትልቅ ትንሽ የለም፤ ሁሉም አንተ ወይም አንቺ ነው። «ልጄ፣ አንቺ ደግ ነሽ። አሁን እንነቅላለን፣ አንቺ ዞር በይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። ጫልቱ አዘነች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ግን ለቤት ብሎ ተክል የነቀለ ፈቃዱን ጨርሶ እንደሚያጣ፣ ለዛሬም ለወደፊትም እንደሚያጣ አስታወሰችን። አዴ መይሙናም ችግኙ ፊት ሄዳ ቆመች። የልጇን ሠርግ ትወዳለች፤ ልጇንም ትወዳለች። ግን የያዘ ተክል ይነቀል ሲባል እግሯ ብቻውን ነው የሄደው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያ ልጄ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?» አለች ለኑረዲን። እሱም «ተይ እናቴ» ብቻ አላት።

በዚህ መሃል አንድ ባጃጅ «ከዚህ በላይ አልሄድም» ሲል ተሰማ። ኦቦ ዩሱፍ ናቸው። ማን ጠራቸው? እኔ! ምላሴን ይቁረጠው።

መጡ። ሰላም አሉ። «ቤቱስ?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ እኔ ታዬ እያለሁ ብዬ የለ? ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ስለ ትውልድ ልጀምር ነበር። እሳቸው ግን አልጠበቁኝም። ወደ ጫቱ ሄዱና ቁጢጥ አሉ። ቅጠሉን ዳሰሱ። አፈሩን ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። ከዚያ የድንጋዩን ክምር አዩ፣ ልጁን አዩ። «ድንጋዩን ያነሳው ማነው?» አሉ። ኑረዲን ነው አልናቸው። «ይሄንንስ የተከለው?»

«አልተከልኩትም» አለች አዴ መይሙና እንባዋን እየጠረገች፣ «አስቀመጥኩት።»

ኦቦ ዩሱፍ ያን ጊዜ ሳቁ። ያ የማይንቀሳቀስ ከንፈር ድንገት ተከፍቶ፣ እያሳላቸው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። «የእኔም ልጅ እንዲህ ናት! የዘይት ጀሪካን ቆርጣ ቡና ትተክላለች፤ ቤቴ ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም። ትናንት ማታ ምን አለችኝ? ‹አባቴ፣ አንተ የጠየቅከው ባል ነው ወይስ ቤት?› አለችኝ» አሉ። ዓይናቸውን ጠርገው ተነሱ። «እኔ ቤት ያልኩት ልጄ ሜዳ ላይ እንዳትቀር ፈርቼ ነው። ድንጋይ ፈንቅሎ ጫት የሚያወጣ ቤተሰብ ልጄን ሜዳ ላይ አይጥላትም። ቤቱ ይደርሳል፤ ቀን ቁረጡ አቦ!»

አዴ መይሙና እልል አለች። ዳገቱ ሁሉ ሰማ። ኑረዲን ከድንጋዩ ላይ ተነስቶ የኦቦ ዩሱፍን እጅ ሳመ፤ ሲስም ስልኩ ከኪሱ ወደቀ፣ አላነሳውም። ጫልቱም ደስ ብሏት «ሌላ ባዶ ቦታ ሲኖራችሁ ደውሉልኝ፣ መብታችሁ አለ» አለች። አህመዶ «ባዶ? እዚህ ግቢ? እሷ እያለች?» አላት።

ቀረች አንዲት ነገር። ኦቦ ዩሱፍ ሳቃቸውን ሲጨርሱ «እስከዚያ ግን ለብቻቸው የሚሆን ጣሪያ ይፈለግ። ጓዳ ውስጥ አይደለም» አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ መቼም እኔ ዝም ስል ብርቅ ነው። አሰለፈች ግን ከአጥሩ ወዲህ ሆና ሁሉንም ስትሰማ ነበር። «እኛ ግቢ በስተኋላ ያለው ቤት አለ አይደል? ልጃችን ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ባዶውን ነው። ለብቻው በር አለው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ሰውዬ፣ ካልቆመ እኔን ጠይቁኝ ብለህ የለም? ይኸው ጠየቁህ» አለችኝ። ማን ነገራት? ለካ አህመዶ ከገለምሶ በተመለስን ማታ ነግሯታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ይሄን ነው? አይ!

ሠርጉ ሆነ። እንዴት ያለ ሠርግ! ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ተደግሶ፣ ጭፈራው ግን አንድ ላይ ሆኖ። የሙሽራውን ሱፍ እኔ ሰፋሁለት። ኦቦ ዩሱፍ ሱፉን አገላብጠው አይተው «ይሄስ ቆሟል» አሉኝ። ሽሙጥ መሆኑ ገብቶኛል፤ ዋጥኩት።

ሙሽሮቹ እኛ ግቢ ገቡ። ሰሚራ የምትወደድ ልጅ ናት። ከዕቃዋ ጋር ጀሪካኖቿ መጡ፤ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ የቡና ችግኝ። ጓሮዬ ላይ፣ ያችው የስፌት ክፍል የማስብባት ቦታ ላይ፣ ደረደረቻቸው። ምን ይደረግ፣ ጀሪካን ነው፤ ሲፈለግ ይነሳል። ከዚያ አዴ መይሙና ምራቷን ልትጠይቅ መጣች። ጀሪካኖቹን አየች። አፈሬን አየች። ጣቷን ስታሻሽ አይቻታለሁ። «ታዬ፣ ሥሩ ጠቦታል እኮ፣ ያሳዝናል» አለች። እኔ ሱሪ ላይ አጎንብሼ «ህም» አልኩ። ህም ማለት እሺ ማለት ነው እንዴ? እነሱ ዘንድ ነው አሉ፤ ማታ ጀሪካኖቹ ባዷቸውን፣ ችግኞቹ አፈሬ ውስጥ ተገኙ።

እውነቱን ልንገራችሁ? መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቴን የታጠብኩበትን ውሃ ከምደፋው ብዬ አንዷ ላይ አፈሰስኩት። በሌላው ቀን ሁለተኛዋ ቅር እንዳይላት ለእሷም። ጥግ ላይ አንዲት ጠመም ያለች ነበረች፤ የተሰበረች የእንጨት ማስመሪያዬን አጠገቧ ተከልኩና በጨርቅ ቅዳጅ አሰርኳት። አሁን ቀጥ ብላለች። አሰለፈች «ከእኔ ይልቅ ለቡናዋ ታወራለህ» ትለኛለች። ቡናዋ አትመልስማ!

እንዲህ እያልኩ ዓመት አልፎ ሌላው ሲገባ አቧራው በረታ፣ ሳል ጀመረኝ። አሰለፈች «ያ ክፍል!» አለች፤ እኔም በመጨረሻ ወሰንኩ። ጫልቱን ደውዬ ጠራኋት። እንቁላሉ በእግሩ ሊሄድ ተነሳ። ኮሚቴው ሰሞኑን እንመጣለን አለ። ሰሞኑን ሲሉ የሚቀጥለው ወር መስሎኝ ዝም ብዬ ሥራዬን ያዝኩ። እነሱ ግን በጠራኋቸው ማግስት ጠዋት ከች አሉ።

ጓሮ ነበርኩ። ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ጆግ ይዤ። ጫልቱ እኔን አየች። ጆጉን አየች። ወገብ የደረሰውን ቡና አየች። ያን ጊዜ ነው እኔም ያየሁት፤ ከዚያ በፊት እኮ ቡና ነበር፣ ማንም ቡና አያይም።

«አልተከልነውም እኮ» አልኳት፣ «አስቀምጠነው ነው።»

ጫልቱ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። «ጋሽ ታዬ፣ ያስቀመጡት ዕቃ ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

ከአጥሩ ወዲያ አዴ መይሙና እልል አለች።

እና አሁንም በረንዳዬ ላይ ነኝ። የሚያጥር ሱሪ ካላችሁ አምጡልኝ። ስትገቡ ግን ግራ ግራውን ያዙ፤ ትናንት ደጃፉ ላይ ትንሽ ችግኝ አስቀምጬ ነበር።